የላስታ ግንበኞችና የከተማ ሰገነት
(በሬዲዮ የተነገረ)



የከተማ ኑሮ ብዙዎቻችንን ከመሬት አንሥቶ በፎቅ ላይ አስቀምጦናል። ከቢሮ ደክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ለምለም ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ተፈጥሮን ወደ ቤት ማስገባት ከገበያ ያገኙትን ጌጥ ሁሉ ማከማቸት አይደለም። ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱንም ከላስታ ግንበኞች መማር እንችላለን።

ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ በግድግዳው ላይ ጥቁሩ እንጨትና ነጩ ልስን በየረድፉ ተፈራርቀው መቆማቸውን ያስታውሳል። ውበቱ ከሁለት ነገሮች ብቻ የተገኘ ነው። በላሊበላ ከተማ ያሉት ክብ የጥንት ፎቅ ቤቶችም የተሠሩት ከአገሩ ቀይ ድንጋይ፣ ከጭቃና ከሣር ነው። እንግዲህ የእኛም ጠባብ ክፍል ነጭ ግድግዳና ያልተቀባ እንጨት ካገኘ፣ ወለሉም ላይ አንድ የሰሌን ምንጣፍ ከተነጠፈበት ይበቃዋል።

ወደ ሰገነቱ ስንወጣ ግን ከውበት የሚቀድም ነገር አለ። 11ዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች የዝናቡ ውሃ እንዳይተኛ ብለው ቦይ ቀደዱለት። እንዲህም ሆኖ ውሃው በዘመናት ብዛት ድንጋዩን ስለ ጎዳው፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለአንዳንዶቹ በብረት ምሰሶ የቆመ መጠለያ ተሠራላቸው፤ ቆይቶም የመጠለያው ክብደት ራሱ ሌላ ሥጋት ሆነ። ውሃና ክብደት የሕንፃ ሁሉ ጠላቶች ናቸው።

በሰገነታችንም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን እርጥብ አፈር ቢሞላ ከ2 ኩንታል በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ሦስትና አራት አድርጎ መደርደር ሕንፃውን መፈታተን ነው። የውሃ መውረጃውም በአፈር ከተደፈነ፣ የእኛ አትክልት ሲጠግብ የታችኛው ጎረቤት ጣራ ያነባል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን አንርሳ።

ስለዚህ ትንንሽና ከሥራቸው የተበሱ ማሰሮዎችን መምረጥ፣ እነዚህንም በግድግዳው ጥግ ማኖር፣ በመደገፊያው ብረት ላይ ግን አለመስቀል፣ መውረጃውንም ዘወትር መጥረግ ይገባል። ለተክሉም የደጋውን ፀሐይና ብርድ የለመዱት ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና እሬት ይስማማሉ። ትዕግሥት ያለው ሰው አንድ የወይራ ችግኝ ይጨምር። ጥድ ግን ሥሩ ሰፊ ቦታ ስለሚሻ በደብሩ ቅጥር ግቢ ይቆይልን።

አድማጮች ሆይ፣ አዲስ ማሰሮ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ በሰገነታችሁ ላይ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። የላስታ ግንበኞችም ለውሃው መንገድ ሳያበጁለት አልቀሩም።

ደኅና አምሹ።