የአያቶቻችን ደብተር ጠያቂ ይፈልጋል
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ጥበብ ሳይሆን በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ስለ ተቀመጠው የአያቶቻችን ጽሑፍ ነው።

ወንጌል ስንማር የማቴዎስ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይሰለቸን ነበር። እገሌ እገሌን ወለደ እየተባለ አርባ ሁለት ትውልድ ሲቈጠር ከመካከላችን የማያንቀላፋ አልነበረም። ዛሬ ግን ወንጌላዊው ስለ ምን በዚያ እንደ ጀመረ ይገባናል፤ የሰውን ታሪክ ለመናገር የማን ልጅ እንደ ሆነ አስቀድሞ መናገር ግድ ነውና።

በአገራችንም ይህ ልማድ ጽኑ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። በፉሪና በሰበታ ዙሪያ ያሉ የኦሮሞ ሽማግሎች አባቶቻቸውን አከታትለው በቃላቸው ይቈጥራሉ። ፊደል የቈጠሩትም የልጅን ልደትና የዘመድን ሞት በዳዊታቸው ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን፤ በጽሑፍ ያለውም ጠያቂ ካላገኘ ይጠፋል። ይህንንም የተማርነው በገዛ ጥፋታችን ነው።

ወንድ አያታችን በወፍጮ ቤት ሒሳብ ያዥ ነበሩ። በደብተራቸው ከእህሉ ሒሳብ ጐን የበሬውን ዋጋ፣ የዕቁቡን ተራ፣ የልጆቻቸውን ልደትና ክርስትና ይጽፉ ነበር። ሲያርፉ ሦስት ደብተሮች፣ በክር የታሰረ መነጽርና አንድ እሽግ የግብር ደረሰኝ ተዉልን። ከሦስት ዓመት በፊት ቤታችን ሲታደስ ዕቃ ቤቱን የማጽዳት ሥራ ለእኛ ለልጆች ተሰጠን። እኛም ያረጀውን ወረቀትና የዛገውን ቆርቆሮ ሰብስበን ለቆራሌው ሸጥን፤ በገንዘቡም ለስላሳ ጠጣንበት። ማታ ሴት አያታችን እማማ «ጀርባው ቀይ የሆነውን ደብተርስ የት አኖራችሁት?» ብለው ጠየቁን። በማግሥቱ ቆራሌውን በየመንደሩ ዞረን ስናገኘው ወረቀቱ ለበርበሬ መጠቅለያ ተሸጦ ኖሯል። የተረፈው ቆጥ ላይ የነበረው አንዱ ደብተር ብቻ ነው።

እማማ አልተቈጡንም። «እንግዲያው የቀረውን አንብቡልኝ» አሉን። ስናነብም በዘመነ ዮሐንስ፣ በጥቅምት ጊዮርጊስ ዕለት ሴት ልጅ እንደ ተወለደች የሚናገር መስመር አገኘን፤ ዓመቱ ግን አልተጻፈም። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው። ስለዚህ ዓመቱ 1948 ወይም 1952 ወይም 1956 ሊሆን ነው። ከሦስቱ መርጦ የሚነግረን ወረቀት አልነበረም። እማማ ግን «ልጅቱ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር የታኅሣሥ ግርግር ሆነ» አሉን። ግርግሩ የሆነው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ልደቱ ጥቅምት 23 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ታወቀ። በመታወቂያቸው ላይ በግምት የተጻፈ ዓመት ይዘው የኖሩት አክስታችን በዚያ ቀን የልደት ቀናቸውን አገኙ።

በሌላ ገጽ ደግሞ የማናውቀው የወንድ ልጅ ስም አየን። ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናነበው እማማ ዝም አሉ። ኋላም በሦስት ዓመቱ በኩፍኝ የሞተ ልጃቸው መሆኑን ነገሩን። ፎቶግራፍ የለውም፤ በዚህ ዓለም መኖሩን የሚመሰክርለት ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። በጠፉት በሁለቱ ደብተሮች ውስጥ የማን ስም እንደ ነበረ ግን ዛሬ ልንነግራችሁ አንችልም።

እንግዲህ ታሪኩ ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በሽማግሌው ልብ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህን ቀደም ብለው የተረዱ ሰዎች በአገራችን አሉ። ደራሲው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአፋቸው ተቀብለው በመጽሐፍ ስላሳተሙት፣ የ1959 ዓ.ም. አንባቢ የሊቁን ዘመን ለማወቅ ቻለ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም፣ እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ያህል ቈይቶ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ጽሑፉ በደኅና ባይጠበቅ ኖሮ ለማተሚያ ቤት ባልደረሰም ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን። ደብተሩን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ከክረምት እርጥበትና ከፀሐይ ጠብቀን፣ በንጹሕ ጨርቅ እንጠቅልለው። የተቀደደውን በፕላስተር አንለጥፍ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻልና። በላዩ ላይ አንጻፍ፤ ማብራሪያውን በሌላ ደብተር እናስፍር። በፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹን ስም በእርሳስ በቀስታ እንጻፍ። እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንሥተን ለዘመድ እናካፍል። ለአገር ታሪክ የሚጠቅም ሆኖ ከተገኘም በወመዘክር ወይም በስድስት ኪሎ በሚገኘው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን ባለሙያዎች እናማክር።

ከሁሉ በፊት ግን እንጠይቅ። ፉሪ በዓይናችን እያየን እየተለወጠች ነው፤ እረኞች ከብት ይጠብቁበት በነበረው ሜዳ ዛሬ ቤት ቆሟል። የእገሌ ማሳ የቱ ጋ እንደ ነበር የሚያውቁት አረጋውያን በየቀኑ ይቀንሳሉ። ወላጆቻችን ሆይ፣ «ይህ ለልጅ አይነገርም» ብላችሁ አትተዉን። እናንተም ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲባል ሰምተናል፤ እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን ያጣነው ግን ከደጃዝማችነት ይበልጥብናል።