በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ወሊድ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ከደብተር የተቀደደች፣ አራት ቦታ የታጠፈች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች ወረቀት ናት። የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ወጣት ከእርግዝና ክትትል ካርዷ ጋር አድርጋ ሰጠችኝ። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን ለእሷ እንተውላት።

ወረቀቷ ላይ ስድስት መስመር ነበር። እናቴ ከአጠገቤ አትለይ። እየተራመድኩ ላምጥ። የምጥ መርፌ አልፈልግም። ሳልቀደድ ልውለድ። ልጄ እንደተወለደ ደረቴ ላይ ይደረግልኝ። የምታደርጉትን ሁሉ ቀድማችሁ ንገሩኝ።

በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የመጡ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በክትትል ጊዜ ስለ ወሊድ ዝግጅት እናስተምራለን፤ የት ትወልጃለሽ፣ በምን ትሄጃለሽ፣ ገንዘብ አስቀምጠሻል ወይ፣ ማን አብሮሽ ይመጣል፣ ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጥሻል እንላለን። ይህ ሁሉ ነፍስ የሚያድን ጥያቄ ነው። «አንቺስ እንዴት መውለድ ትፈልጊያለሽ?» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። በጤና ተቋም መውለድ ራሱ ለእኛ አዲስ ነገር መሆኑን አትርሱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከ100 ሕፃናት 5ቱ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ 48 ደርሶ ነበር። የዚች ወጣት እናት አምስቱንም ልጆቿን የወለደችው እቤቷ፣ ጎረቤት ወገቧን ደግፎላት ነው። ስለ ሆስፒታል ለልጇ የምትነግራት ነገር አልነበራትም። ወጣቷ ወረቀቷን የጻፈችው ከታላቅ እህቷ በሰማችው ነው።

የሽርት ውሃዋ የፈሰሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ምጥ የለም፣ ቁርጠት የለም፣ ውሃ ብቻ። ነጠላዋን አገልድማ፣ እናቷን ይዛ መጣች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች ምጥ ካልመጣ እቤት መቆየት ይቻላል ብለው ያስባሉ። ልጁ የሚዋኝበት ከረጢት ልጁን ከጀርም የሚጋርደው አጥር ነው። አጥሩ ሲቀደድ ሰዓት መቁጠር እንጀምራለን። ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ምጣቸው በራሱ ይመጣል፤ ሰዓቱ እየረዘመ በሄደ ቁጥር ግን ኢንፌክሽን የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ውሃው የፈሰሰበትን ሰዓት አስታውሱ፤ ቀለሙንም እዩ። የጠራ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ተረጋግታችሁ ኑ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ ዓይነ ምድር ወጥቶታል ማለት ነው፤ ፍጠኑ። ደም በብዛት ከመጣ ወይም እትብት ብቅ ካለ ደግሞ አንዲት ደቂቃ አታባክኑ።

የእሷ ውሃ የጠራ ነበር፤ የልጁም ልብ ትርታ ደህና። ጠበቅን። ግቢው ውስጥ ከእናቷ ጋር ወዲያ ወዲህ አለች። ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን ምጡ አሁንም የለም። ሐኪሙ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት እንዲጀመርላት አዘዘ። ልነግራት ስቀርብ ገና ሳልጨርስ፣ «ሲስተር፣ ወረቀቴ ላይ አልፈልግም ብዬ ጽፌያለሁ እኮ» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ። ለምን አልፈለግሽውም?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ፣ «እህቴን ግሉኮሱን ሰቅለውላት ጥለዋት ሄዱ። ስትጮህ ማንም አልመጣም» አለችኝ።

አድማጮች፣ ከዚያች ቀን ወዲህ የወሊድ ዕቅድን የማነብበት መንገድ ተለውጧል። መስመሩ «መርፌ አልፈልግም» ይላል። ከመስመሩ ጀርባ ያለው ግን «ብቻዬን አትተዉኝ» የሚል ነው። መድኃኒቱን ማስቀረት ላይቻል ይችላል፤ ብቻዋን አለመተው ግን ይቻላል። ስለዚህ ይህን ተስማማን፦ መድኃኒቱ ይጀመራል፣ እናቷ ከጎኗ ትሆናለች፣ እኔ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ጠብታውን ላስተካክል ስመጣ ምን እንዳደረግሁ እነግራታለሁ።

መድኃኒቱ ኦክሲቶሲን ይባላል። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ሆርሞን አምሳያ ነው፤ ጡት ስታጠቡ ወተቱን የሚያወርደው ያው ነው። ምጥ ለማምጣት ሲሰጥ በግሉኮስ ውስጥ ተጨምሮ፣ ከትንሽ ጠብታ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ምጥ ከመጣ በቂ ነው፤ ከአምስት ከበለጠ ግን በዝቷል፣ ልጁ እፎይ የሚልበት ፋታ ያጣል፣ እንቀንሰዋለን። ስለዚህም ነው ባለሙያ ከአጠገብ መጥፋት የሌለበት። ልጁ ከወጣ በኋላ እናቲቱ ደም እንዳይፈሳት 10 ዩኒት በጡንቻ የምንወጋት ይህንኑ መድኃኒት ነው። ልጁ ሳይወጣ በጡንቻ መውጋት ግን ማህፀን እስከ መቅደድ የሚያደርስ አደጋ ነው። ማንም ሰው፣ «ምጡን ላፋጥንልሽ» ብሎ እቤት መርፌ ይዞ ቢመጣ አሻፈረኝ በሉ።

ምጡ መጣ፤ ከባድ ነበር። ግሉኮሱ የተሰቀለበትን ብረት በአንድ እጇ፣ የእናቷን ትከሻ በሌላው ይዛ አልጋው አጠገብ ትወዛወዛለች። እናትየው የወገቧን ታች በመዳፋቸው ይጫኑላታል፤ «ማርያም ማርያም» ይላሉ በለሆሳስ። ከመጋረጃው ማዶ ሌላ እናት በዱዓ ላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ያወጣው የምጥ መከታተያ ቅጽ አጠገቧ ሰው አለ ወይ፣ ሕመሟ ታገዘ ወይ፣ ፈሳሽ ትጠጣለች ወይ፣ እንደ ልቧ ትንቀሳቀሳለች ወይ የሚሉትን እንደ ልብ ትርታውና እንደ ማህፀን በሩ ሁሉ እንድንመዘግብ ያደርገናል። እኔ ይህን ቅጽ ወድጄዋለሁ። የአያቶቻችንን ወገብ መያዝ በሕክምና ወረቀት ላይ ቦታ ሰጥቶታል።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ የማህፀን በሯ 7 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ ነበር። 3 ሰዓት ላይም ያው 7 ነው። ልጁ ፊቱን ወደ እናቱ ሆድ አዙሯል፤ በዚህ አቀማመጥ ጭንቅላቱ በዳሌዋ በኩል ለመውረድ ሰፊውን ጎኑን ይዞ ይመጣል። የልጁ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታት አለበት። ከምጡ በኋላ 100፣ ከዚያ 95 መቁጠር ጀመርኩ፤ ውሃውም አረንጓዴ ሆነ። ጠብታውን ዘጋሁት፣ በግራ ጎኗ አስተኛኋት፣ ሐኪሙን ጠራሁ። ልቡ ትንሽ አገገመ፣ እንደገና ወረደ።

ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆሞ አልነበረም፤ ይህን ልብ ብያለሁ። «ልጅሽ እየደከመ ነው። እስኪከፈት ብንጠብቅ ሊጎዳ ይችላል። በኦፕራሲዮን ብናወጣው ይሻላል እላለሁ። የምትጠይቂኝ ነገር አለ?» አላት። «እኔ እሞታለሁ?» ብላ ጠየቀች። መለሰላት፣ ስለ ማደንዘዣውም ነገራት። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። የፈረመችውም እሷ ናት። ባልም፣ አባትም ቢመጡ ፊርማው በቅድሚያ የእሷ መሆኑን እናቶች እወቁ።

ሌላ ሴት ትዝ ትለኛለች፤ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለቁስሏ እንክብካቤ የመጣች። እሷም እንዲሁ በኦፕራሲዮን ነበር የወለደችው፤ እሷም ልጇም ደህና ነበሩ። «ለምን ተቀደድሽ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «እንጃ፣ ገፍተው አስገቡኝ» አለች። ልጇ ሁለት ወር ሞልቶት ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሌሊት ሌሊት የጋሪውን ጎማ ድምፅ እየሰማች ትባንን ነበር። ቁስሉ አንድ ነው፣ ቢላዋው አንድ ነው። ለአንዷ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቷታል፣ ለሌላዋ አልተሰጣትም።

ወደ ወጣቷ ልመለስ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ እናቷን አያስገባም። እዚህም ላይ፣ «እናትሽን ለምን ፈለግሻቸው?» አልኳት። «ሲጸልዩ ስሰማ እረጋጋለሁ።» እማማን በሩ ድረስ ወሰድኳቸው፤ ጋሪው እስኪያልፍ እጇን ይዘው ጸለዩላት። «እማማ፣ ከዚህ በኋላ እኔ አልለያትም» አልኳቸው። ጀርባዋን አጉብጣ ተቀመጠች፣ ማደንዘዣው በአከርካሪዋ አጥንቶች መካከል ተሰጣት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከደረቷ በታች ደነዘዘ። ጭንቅላቷ ዘንድ ቆሜ የሚሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ «አሁን ቆዳሽን እያጸዱ ነው፣ አሁን መጎተት ይሰማሻል፣ አያምሽም።» 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጁ አለቀሰ። ወንድ ነው። አድርቀው፣ መተንፈሱን አይተው፣ እየሰፏት ሳለ እርቃኑን ደረቷ ላይ አደረግንላት፣ በጨርቅ ሸፈንናቸው። ያን መስመር የጻፈችው፣ «ከእኔ ቀድሞ ማንም አያቅፈውም» ብላ ነበር። ጉንጯን በጉንጩ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እናቲቱ ነቅታ የምትቆይበት ማደንዘዣ ከተሰጣት ልጁን ደረት ላይ ማድረግና በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ማስያዝ በኦፕራሲዮን ጊዜም ይቻላል፤ ጠይቁ።

ወጥቼ ለእማማ ስነግራቸው ኮሪደሩን በእልልታ ሞሉት። ወደ ክፍል ስትመለስም የመጀመሪያው ቃላቸው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነበር።

ስለዚህ እርጉዝ የሆናችሁ፣ ወረቀት ያዙ። ስትጽፉ ግን ከእያንዳንዱ ፍላጎት ጎን «ለምን» የሚለውን ጨምሩ፣ ከሥሩም «ካልሆነስ» በሉ። እናቴ መግባት ካልቻለች ማን እጄን ይያዝ? ልጁን እኔ ማቀፍ ካልቻልኩ ማን ይቀፈው? መጻፍ የማትችሉ አብሯችሁ ለሚመጣው ሰው ንገሩት። አብሮ የሚመጣውም ቃሉን ይዞ ይናገር፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ስለ ራሷ ለመከራከር ጉልበት የላትም።

ኦፕራሲዮን በዛ የሚል ቅሬታ ከአዲስ አበባ እሰማለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዲስ አበባ ላይ ከ100 ወሊድ 21 ያህሉ በኦፕራሲዮን ነበር፤ በአገር ደረጃ ግን 2 ያህሉ ብቻ። ከተማ ላይ ሳያስፈልግ የሚደረግ መኖሩን አልክድም፣ «ለምን?» ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ገጠር ያለችው እናት ደግሞ አስፈልጓት የምታጣው ይበዛል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ወጣቷ በ45ኛው ቀን ልጁን ለክትባት ይዛ መጣች፤ ልጁ ጉንጩ ሞልቷል። «ቀጣዩን በምጥ መውለድ እችላለሁ?» አለችኝ። ማህፀኗ የተቀደደው ከታች፣ በአግድም ነው፤ እንዲህ የተቀደዱ ብዙ ሴቶች ቀጥሎ በምጥ ይወልዳሉ። ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይታ ማርገዝ አለባት፣ የምትወልደውም ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ሆስፒታል መሆን አለበት፣ የመውጫ ካርዷንም አትጣል። ይህን ስነግራት ያቺን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፣ ጀርባውን ገለበጠች፣ እስክሪብቶዬን ተዋሰችኝና ጻፈችው።