ስሙ በመዝገብ ስላልተጻፈው ዘማች
(በአምበር ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል)



የጦርነት ታሪክ በተነገረ ጊዜ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ስም ይጠራል፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን መኰንን ብቻውን አይዘምትም። ስንቁን ተሸክሞ የሚከተል፥ ሲታዘዝ የሚዋጋ፥ ሲወድቅም በወደቀበት የሚቀር ሰው ከበታቹ አለ። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሰው ነው።

ለመናገር ያነሣሣኝ ምክንያት ይህ ነው። ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ፥ በአንድ ደብር የሙታንን ስም ለጸሎት በመዝገብ ስጽፍ አንዲት ባልቴት መጥተው፥ «ልጄ፥ አባቴ ከራስ እምሩ ጋራ ወደ ሽሬ ዘምቶ በዚያው ቀርቷልና ስሙን ጻፍልኝ» አሉኝ። «እማማ፥ የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ስወለድ እርሱ በዘመቻ ነበረ፤ እናቴም የምትጠራው በዓለም ስሙ ነበረ» አሉ። እኔም «ያለ ክርስትና ስም አይጻፍም» ብዬ መለስኋቸው። ሥርዓት የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። እርሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ዳግመኛም አላየኋቸውም።

የዚያን ሰው የክርስትና ስም ባላውቅም የሄደበትን መንገድ ታሪክ ይነግረናል። በ1928 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ በመጣ ጊዜ የክተት አዋጅ ታወጀ። የጐጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ወደ 25 ሺህ የሚገመት ሠራዊት ይዘው ወደ ሰሜን ተጓዙ። የተራው ዘማች ስንቅ በሶና ቆሎ ነው፤ መሣሪያው ያረጀ ውጅግራ፥ እርሱም የሌለው ጦርና ጐራዴ ይዞ ነበር። ዓባይን ተሻግሮ፥ በጌምድርን አቋርጦ፥ ብዙ ሳምንት በእግሩ ሄደ። በጐዳናም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ተለይተው ወደ ጐጃም ተመልሰው ሸፈቱ፤ ብዙ ሰውም ከዘመቻው ተመለሰ። ስለዚህ ወደ ፊት የሄደው ዘማች መመለሻ መንገድ እንዳለ እያየ የሄደ መሆኑን ልብ እንበል።

ታኅሣሥ 5 ቀን ሠራዊቱ ተከዜን ተሻግሮ በደምበጊና በር የኢጣልያን ጦር ድል አደረገ፤ ቀላል ታንኮችንም ያዘ። በወዲያ ወገን ከተሰለፉት የሚበዙት ኢጣልያ ከኤርትራ የመለመላቸው ወታደሮች ነበሩ፤ እነርሱንም በየመንደራቸው የምትጠብቃቸው እናት ነበረቻቸው።

ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ታኅሣሥ 13 ቀን አውሮፕላኖች መጥተው በርሜል የሚመስል ነገር ጣሉ፤ ያም ከመሬት ወድቆ ሲሰበር ፈሳሽ ተረጨ። ፈሳሹ የነካውን ሰው እጁን፥ እግሩን፥ ፊቱን እንደ እሳት አቃጠለው፤ ተጠምቶ ከወንዙ የጠጣውም ሞተ። ዘማቹ ጥይትን ያውቃል፤ ይህን ግን ከአባቱ አልሰማውም ነበር። በጦርነት የመርዝ ጋዝ እንዳይጣል በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረገውን ውል ኢጣልያ ራሷ ፈርማበት ነበር።

የመጨረሻው የሽሬ ውጊያ የካቲት 21 ቀን ተጀመረ። በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችን በዓድዋ ድል ካደረጉ 40 ዓመት በሞላበት በየካቲት 23 ቀን፥ በዚያው በትግራይ ምድር የጐጃም ዘማች ይዋጋ ነበር። በዓድዋም የጐጃም ሰው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋራ ተሰልፎ ነበርና፥ አባቱ በዓድዋ ቆሞ ልጁ በሽሬ የወደቀ አይጠፋም። ሠራዊቱ ወደ ኋላ ሲመለስም በተከዜ መሻገሪያ ላይ አውሮፕላን በቦምብና በመርዝ ፈጀው።

ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ሄደው ሲዋጉ ቆይተው በ1929 ዓ.ም. ተማረኩ፤ ፖንዛ በምትባል የኢጣልያ ደሴትም ታሰሩ። እርሳቸው የታሰሩባት ደሴት ስም በመጽሐፍ ይገኛል፤ የባልቴቲቱ አባት የወደቀበት ስፍራ ግን አይገኝም። እንዲህ ላለው ሰው አስከሬን ስለሌለ ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስለታል፤ ከዚያም ልብሱ ያረጃል፥ ያለቀሰችውም ትሞታለች።

ጦርነቱ በጐጃም በዚያ አላበቃም። በላይ ዘለቀን የመሳሰሉ አርበኞች በቢቸናና በዙሪያው እየተዋጉ ቆዩ፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህም ሁሉ ስማቸው በታወቀ ጥቂት ሰዎች ብቻ አልተፈጸመም።

አሁን ከሽሬ ዘማቾች በሕይወት ያለ የለም፤ ከእነርሱ አፍ የሰሙትም እያነሱ ሄደዋል። ስለዚህ፥ መምህራን ሆይ፥ በየትምህርት ቤታችሁ አንድ ደብተር ለዚህ ነገር ለዩ። ተማሪው ከቤቱ ጠይቆ የዘማቹን የዓለም ስም፥ የክርስትና ስም፥ የአባቱን ስም፥ መንደሩን፥ ሲወድቅም ማን እንዳየው ያምጣ። ያዩት የመሰከሩትን ከወሬው ለይታችሁ ጻፉ፤ ከመንገድ የተመለሰውንም ተመለሰ ብላችሁ ጻፉ፤ ታሪክ በመደበቅ አይከብርምና።

እናንተም ሽማግሌዎች፥ የክርስትና ስም የጠፋ ሲመስል የክርስትና አባቱን ቤት ጠይቁ፤ በዚያ ቤት የሚያስታውስ ሰው ሊገኝ ይችላል። እኔም ያን ጊዜ ባልቴቲቱን መጠየቅ የሚገባኝ «የክርስትና አባታቸው ማን ነበሩ?» ብዬ ነበር፤ አልጠየቅሁም። እግዚአብሔር የእያንዳንዱን ስም ያውቃል፤ የመርሳቱ በደል ግን የእኛ ነው።

በራሴ ደብተር «የአምበር ሰው፥ በሽሬ ዘመቻ የቀረ» ብዬ ጽፌ፥ ለስሙ ባዶ ስፍራ ትቼለታለሁ። ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ቢኖር ይንገረኝ፤ እጽፈዋለሁ።