አንቺ ሆዬና ሦስቱ ጉልቻ
(ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ኦግመንትድ ኮርድ ስለሚባለው ነገር ነው። ስሙን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ። ኡኩሌሌ የምትባለውን ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር የሚማሩ ጓደኞች አሉን፤ ከዚህ ኮርድ ላይ ሲደርሱ «ለሀበሻ ጆሮ አይሆንም» እያሉ ይዘሉታል። እኛ ግን ይሆናል እንላለን፤ ምስክራችንም ክራር ነው።

ኡኩሌሌ ራሷ የስደተኛ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴራ ደሴት ወደ ሃዋይ የተሻገሩ ፖርቱጋሎች ይዘዋት ከሄዱት መሣሪያ ተወለደች። ክሮቿ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። የሶልን ክር አንደኛው ቤት ላይ፣ የላን ክር ሦስተኛው ቤት ላይ ተጭነን የቀሩትን ሁለቱን ስንለቅ፣ ዶ፣ ሚና ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሶል ይሰማሉ። በሦስቱ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ሁለት ሁለት ሙሉ ድምፅ ነው፤ እንደ ጉልቻ እኩል ተራርቀው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ አራቱንም ክር እየያዝን አራት ቤት ወደ ላይ ብንሻገር ያንኑ ኮርድ መልሰን እናገኘዋለን። ባለ ብዙ ስም ቢሆንም በጠቅላላው አራት ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ብንፈትሽ እነዚህ ሦስት ጉልቻዎች አይገኙም። አንቺ ሆዬን ግን ከዶ ጀምረን ብንቃኝ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ይሆናል፤ ከነዚህም ዝቅ ያለው ሬ፣ ፋና ላ ራሱ ኦግመንትድ ኮርድ ናቸው! ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ስለ ሆነች ባንድ ጊዜ ልታሰማን አትችልም። በክራር ግን ቀላል ነው። የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ በስተ ኋላ ተሰልፈው ዶንና ዝቅ ያለውን ሶል ነክተው ዝም ያሰኙአቸዋል፤ ሌሎቹን ይለቃሉ፤ ቀኝ እጅ ሁሉንም ይገርፋል። የሚሰማው የተለቀቀው ብቻ ነው።

ነገር ግን አንድ የሚያሳስበን አለ። አንዳንዶቻችን ክራሩን በስልክ መቃኛ እየለካን «አዝማሪው ስቷል» ማለት ጀምረናል። በጥር ሠርግ ላይ የሚጫወት አዝማሪ የሚቃኘው በድምፁ ነው፤ የርሱ ዝቅ ያለ ሬ ከፒያኖው ጋር ልክ አይገጥምም፤ አንቺ ሆዬንም አንቺ ሆዬ የሚያሰኛት ይኸው ነው። ሙላቱ አስታጥቄን የመሰሉ ሰዎች በቅኝቶቻችን ሥር የጃዝ ኮርድ ያኖሩት ቅኝቱን ካወቁ በኋላ ነው። እኛም በፊት ቅኝቱን ከተጫዋች አፍ እንማር፤ ከዚያ በኋላ ኮርዱ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ።

ለጥር ወደ አገር የምትገቡ ሁሉ ከአዝማሪው ዘንድ ጠጋ በሉ፤ ሳትጠይቁ አትቅዱ፤ ሽልማቱንም አትርሱ። ክራር ያላችሁ ሐሙስ ማታ ይዛችሁ ኑ። ክር የተበጠሰባችሁም ኑ፤ ትርፍ አለን።