የሚለካው ብዛቱ ሳይሆን ከፍታው ነው



የሞተር ሳይክሌን የፊት አሞርዛተሮች ዘይት በቤቴ ስለውጥ ለሁለቱም እግሮች በብርጭቆ እኩል ሰፍሬ ሞላሁ። ይሁን እንጂ በአንደኛው ውስጥ ያልተንጠፈጠፈ አሮጌ ዘይት ቀርቶ ኖሮ፣ በእንጦጦ ቁልቁለት ፍሬን ስይዝ ዘይት ማገጃው ጎማ ለቀቀ፤ ዘይቱም የፍሬኑን ሸክላ አራሰው። የተረፍኩት በዝግታ እወርድ ስለነበር ነው።

ከዘይቱ በላይ ያለው አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ያገለግላልና፣ ስፍራው ሲጠብ ግፊቱ እጅግ ያይላል። የውስጥ ዲያሜትሩ 36 ሚሊ ሜትር በሆነ እግር 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ትርፍ ዘይት ከፍታውን በ10 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሣዋል። ስለዚህ መለካት ያለበት ከፍታው ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው፤ ይኸውም መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ፣ የግሉኮስ ቱቦና ማስመሪያ። ሞላው ከወጣ በኋላ ዘይቱ ከልኩ ጥቂት አልፎ ይሞላል፤ አየሩ እስኪወጣም እግሩ ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ይንቀሳቀሳል። ከዚያም እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ እስከ መጨረሻው እንደ ወረደ፣ ቱቦው የፋብሪካው መጽሐፍ በወሰነው ጥልቀት ገብቶ ትርፉ ይመጠጣል። ሲሪንጁ አየር መሳብ ሲጀምር ልኩ ደርሷል። ሁለተኛውም እግር እንዲሁ።

ውድ ባልደረቦቼ፣ የመሣሪያ እጦት ለጎደለ ሥራ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የምንለካውን ነገር ግን አስቀድመን እንወቅ።