የጸጥታ ክፍተት

ዛሬ ስለ ጸጥታ ክፍተት እንነጋገራለን። የጸጥታ ክፍተት ማለት አንድ ጦር ሲወጣ ቦታውን የሚረከብ ኃይል ሲጠፋ ነው።

የጎረቤታችሁን ማሳ ልታርሙ ገባችሁ እንበል። ደከማችሁና ጥላችሁ ወጣችሁ። ባለማሳው ካልተረከበ አረሙ ተመልሶ ይበቅላል፤ ዘሩም ድንበር ተሻግሮ የእናንተው ማሳ ላይ ያርፋል።

ሶማሊያ ውስጥም ይኸው ሆነ። የኢትዮጵያ ጦር በጥር 2001 ዓ.ም. የባይደዋን ከተማ ለቀቀ። ባይደዋ እኮ የሶማሊያ የሽግግር ፓርላማ መቀመጫ ነበረች! ታጣቂ ቡድኑ አልሸባብ ግን ወዲያው ያዛት። የጸጥታ ክፍተት ማለት ይህ ነው። ታዲያ በየካቲት 2004 ጦራችን ያችኑ ከተማ ለማስለቀቅ ተመልሶ ዘመተ።

መቆየትም ቢሆን ደም ያስከፍላል፤ ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸው እናቶች ያውቁታል። እኔ ግን እላለሁ፦ ከመውጣት በፊት የሶማሊያ ወታደርና ፖሊስ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥበት፣ ከተማውን ራሱ መጠበቅ መቻል አለበት።