ቆሻሻው የማን ነው? የከተማ ጽዳት ውልና ከድርድሩ ጠረጴዛ የራቁት ሰዎች



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለጆሮ የሚማርክ አይደለም። ስለ ቆሻሻ፣ ይልቁንም ቆሻሻን ስለሚያስነሣው ውል ነው። ሆኖም አንድ የከተማ አስተዳደር ከሚፈርማቸው ውሎች መካከል በየቀኑ በየደጃፉ የሚፈጸም፣ ለአንድ ሳምንት ቢቋረጥ ሀብታሙም ድሃውም እኩል የሚያውቀው እንደዚህ ያለ ውል ጥቂት ነው።

ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ አጭር ነው። ከተማ የሚያገኘው በዕቅዱ የተመኘውን ሳይሆን በውሉ የከፈለበትን ነው። እንግዲህ ቆሻሻው ከመጣሉ በፊት ተለይቶ ዳግም ጥቅም ላይ እንዲውል የምንሻ ከሆነ፣ ፍላጎታችን በክፍያው አንቀጽ ውስጥ መስፈር አለበት፤ ይህን ሥራ ማንም ሳያዛቸው ሲሠሩ የኖሩት ሰዎችም ከድርድሩ መቅረት የለባቸውም።

ስለምን እንከፍላለን?

የቆሻሻ ማንሻ ውል ሁሉ አንድ የክፍያ መለኪያ ይመርጣል። የተለመዱት ሦስት ናቸው፤ በሜትር ኩብ፣ በቶን፣ ወይም አገልግሎቱን በሚያገኙት ቤቶች ቁጥር። ሦስቱም ሲታዩ ቀና ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ሰብሳቢውን ወደተለየ ጠባይ ይመሩታል። በሜትር ኩብ የሚከፍል ከተማ አየር ይገዛል፤ ያልታጠፈ ካርቶንና ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቶሎ ቦታ ይሞላሉና። በቶን የሚከፍል ደግሞ በክረምት ውኃ፣ በበጋ አፈርና ድንጋይ ሊገዛ ይችላል። በቤት ቁጥር የሚከፍል ከተማ ሰብሳቢው መምጣቱንና አለመምጣቱን የሚከታተል ሰው ከሌለው ላልተሠራ ሥራ ይከፍላል።

በአዲስ አበባ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት ናቸው። ክፍያቸው ለረጅም ጊዜ በሜትር ኩብ ሲለካ ቆይቷል፤ ከነዋሪው የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ከውኃ ሂሳቡ ጋር ተያይዞ ይሰበሰባል። ይህ አሠራር ለብዙ ወጣቶችና እናቶች እንጀራ የሆነ ነው፤ ላቃልለው አልሻም። ነገር ግን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ማኅበር በቀን 10 ሜትር ኩብ ቢሰበስብና ለእያንዳንዱ 100 ብር ቢከፈለው 1,000 ብር ያገኛል። ከዚህ ውስጥ 3 ሜትር ኩቡ ካርቶንና ፕላስቲክ ነው እንበል። ማኅበሩ ይህን ለይቶ ቢያስቀር ከከተማው የሚያገኘው ወደ 700 ብር ይወርዳል። የለየውን ከ300 ብር በላይ ካልሸጠው፣ የመለየቱን ድካም ሳንቆጥር እንኳ፣ ምንም አላተረፈም። ከተማው ግን የ3 ሜትር ኩብ ማጓጓዣ ነዳጅና የመጣያ ቦታ ቆጥቧል። ትርፉ በአንዱ እጅ፣ ወጪው በሌላው እጅ ወደቀ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ውል ሥር ስለ መለየት የሚሰጥ ሥልጠናም ሆነ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ብዙ አያራምድም፤ ውሉ ራሱ ተቃራኒውን ያስተምራልና።

ባለቤትነቱስ?

ሁለተኛው ጥያቄ ከደጃፍ የወጣው ነገር የማን ነው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ የሕግ ቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አንድ ውል «በክልሉ ውስጥ የሚወጣ ቆሻሻ በሙሉ የተቋራጩ ነው» ብሎ ቢደነግግ፣ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛው ሰው በአንድ ፊርማ ሕገወጥ ይሆናል። እርሱ ከሌለ ደግሞ ምናለሽ ተራ ላይ ቆርቆሮውን ቀጥቅጠው ምድጃና ባልዲ የሚሠሩት ሰዎች ጥሬ ዕቃ ያጣሉ።

ጥያቄው ከኃይል ማመንጫ ጋር ሲገናኝም ይከብዳል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያስተናግድ ታስቦ የተገነባ ነው። የከተማችን ቆሻሻ በአብዛኛው የምግብና የአትክልት ትራፊ ስለሆነ እርጥበቱ ብዙ ነው። በደንብ የሚነደው ወረቀቱና ፕላስቲኩ ነው፤ መልሶ ጥቅም ላይ አዋዩም የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ለማቃጠያ ጣቢያ የተወሰነ ቶን ለማቅረብ ቃል የሚገባ ማንኛውም ከተማ፣ ከመፈረሙ በፊት የለዪዎቹን ድርሻ ቀድሞ መቀነስ ይኖርበታል። አለበለዚያ በአንድ ውል «ለዩ» ብሎ በሌላ ውል «አትለዩ» ይላል።

ካይሮና ፑኔ

ከእኛ ቀድመው በዚህ መንገድ ያለፉ ሁለት ከተሞችን ላንሣ። በካይሮ ዘባሊን የሚባሉት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች፣ ብዙዎቹ በሞቃጠም ተራራ ሥር የሚኖሩ፣ ለአሥርተ ዓመታት ፎቅ ድረስ እየወጡ ቆሻሻ ሲያነሡ ኖረዋል። ከሰበሰቡት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን መልሰው ጥቅም ላይ ያውሉ እንደነበር በተደጋጋሚ ተጽፏል። በ2003 እ.ኤ.አ. ገደማ የከተማው ባለሥልጣናት ከስፔንና ከጣሊያን ኩባንያዎች ጋር የ15 ዓመት ውል ገቡ። ኩባንያዎቹ የተጠየቁት 20 በመቶ ብቻ መልሰው ጥቅም ላይ እንዲያውሉ ነበር። ከፎቅ መውጣት ቀርቶ ነዋሪው ራሱ ወርዶ በመንገድ ዳር ገንዳ እንዲጥል ተጠየቀ፤ ትልልቆቹ መኪኖች ወደ ጠባብ መንገዶች መግባት አቃታቸው፤ ከኤሌክትሪክ ሂሳብ ጋር የተጨመረው ክፍያም ቅሬታ አስነሣ። ብዙ ነዋሪዎች ለኩባንያው እየከፈሉ ለቀድሞው ሰብሳቢያቸውም ይከፍሉ ጀመር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው። ስሕተቱ የውጭ ኩባንያ መጋበዙ ብቻ አልነበረም። በከተማው ውስጥ የነበረው ሥራ ሳይቆጠር፣ ሠራተኛውም ሳይጠየቅ መፈረሙ ነው።

የሕንድዋ ፑኔ በተቃራኒው ሄደች። በዚያ ቆሻሻ ለቃሚዎቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማኅበር ተደራጅተው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የራሳቸው የኅብረት ሥራ ድርጅት ከከተማው ጋር ተዋዋለ። ቤተሰቦች ለሰብሳቢዋ በየወሩ አነስተኛ ክፍያ ይከፍላሉ፤ የሚሸጠው ዕቃም የሰብሳቢዋ ነው። ድርድሩ በዚያ አላበቃም፤ ውሉ በታደሰ ቁጥር ክርክር አለ። ነገር ግን የሚከራከሩት ሴቶች በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ነው።

ከፊርማ በፊትና በኋላ

ተማሪዎቼ ይህን ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። ከፊርማ በፊት ጉልበቱ የከተማው ነው፤ ተጫራቾች ይሽቀዳደማሉ። ከፊርማ በኋላ ግን ጉልበቱ ወደ ተቋራጩ ያዘነብላል፤ ቆሻሻ ፍርድ ቤት እስኪወስን አይጠብቅምና። አንዳንድ ተቋራጭ ይህን አውቆ በጨረታው ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ሥራው በእጁ ከገባ በኋላ የዋጋ ማሻሻያ ይጠይቃል። መድኃኒቱ ከተማውን በክፍላተ ከተማ ከፍሎ ለተለያዩ ሰብሳቢዎች መስጠት፣ የውሎቹን ማብቂያ ጊዜ ማለያየት፣ የማስተላለፊያ ጣቢያዎችንና የተወሰኑ መኪኖችን ደግሞ በከተማው እጅ ማቆየት ነው። አማራጭ ያለው ተደራዳሪ ብቻ እምቢ ማለት ይችላል።

ሕጋችንም ባዶ እጃችንን አልተወንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር ውሎች ይደነግጋል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል አስተዳደሩ ውሉን ማሻሻል እንደሚችል፣ ያልታሰበ ሁኔታ የውሉን ሚዛን ሲያናጋም ተዋዋዩ የሚደገፍበት መንገድ እንዳለ ያውቃል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ የከተማ አስተዳደሮችን ኃላፊነት ለይቶ አስቀምጦ ነበር። የነዳጅ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ከመጨቃጨቅ ይልቅ የማስተካከያውን ቀመር አስቀድሞ በውሉ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ስለ መቀጫም አንድ ቃል ልጨምር። ልኬት የሌለው መቀጫ ወይ አይፈጸምም፣ ወይ የመደራደሪያ ዱላ ይሆናል። አስቀድሞ የምድር ሚዛን፣ በየቀኑ የሚሞላ መዝገብና ሁለቱም ወገኖች የሚፈርሙበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ክፍያውም ሁለት እግር ይኑረው፤ አንዱ ለተነሣው፣ ሌላው ተለይቶ ከመጣያው ለዳነው። ከተማው ከማጓጓዣና ከመጣያ ያዳነውን ገንዘብ ከፊሉን ለለየው ሰው ቢመልስ ስጦታ አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው።

በጠረጴዛው የሌሉት

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በአካባቢው የሚኖሩ፣ አንዳንዶቹም ከዚያው ክምር ለቅመው የሚተዳደሩ ነበሩ። የመጣያ ቦታ ቅያሪ ለማግኘት የተደረገው ጥረትም ከዚያ በፊት ተሰናክሎ ነበር፤ የሰንዳፋው አዲስ መጣያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። በመጣያው ዳር የሚኖረው ገበሬም፣ በክምሩ ላይ የሚለቅመው ሰውም የከተማውን ቆሻሻ ሸክም የተሸከሙ ነበሩ፤ የሰንዳፋውም ጉዳይ ሳይመክሩበት የቀሩ ሰዎች በኋላ በተቃውሞ እንደሚመጡ ያሳየናል። ከመጣያው ላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ኩንታል የሸክሙን ክብደት ይቀንሳል። የክፍያ አንቀጽ የሕይወት ጉዳይ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል ነገ በከተማ አስተዳደር፣ በግዥ ክፍል ወይም በምክር ቤት የምትቀመጡ ትኖራላችሁ። የጽዳት ውል ረቂቅ ሲቀርብላችሁ ከጠቅላላው ዋጋ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰብሳቢው ሲለይ ገቢው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የተለየው ዕቃ የማን ነው ተብሎ ተጽፏል? ይህን ረቂቅ ከመጻፋችሁ በፊት ከማኅበራቱ፣ ከቆራሌዎቹና ከመጣያው ጎረቤቶች ማንን አነጋገራችሁ? ለሦስተኛው መልስ ከሌለ ረቂቁን መልሱት፤ ለመነጋገር ከፊርማ በፊት ያለው ጊዜ ከሁሉም ርካሹ ነው።